ሰባተኛው ለምን ቀረ?

ከጠላ ጋንና ከበሰለ ሙዝ አጠገብ የማይጠፋው ትንሽ ዝንብ በየቤታችን የሚታወቀው በመባረሩ ነው። እኛ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ግን ዐይኑን በማይክሮስኮፕ ካየነው ወዲህ ለማባረር እጃችን ይሰንፋል።

የዚህ የፍራፍሬ ዝንብ አንዱ ዐይን ወደ 800 ከሚጠጉ ትንንሽ ዐይኖች የተሰበሰበ ነው። በእያንዳንዷም ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ 8 ሕዋሳት አሉ። ሥራው የሚጀመረው ዝንቡ ገና እጭ ሳለ ነው። በስስ የሕዋሳት ንጣፍ ላይ እንደ ማረሻ ትልም ያለ መስመር ከኋላ ወደ ፊት ይጓዛል፤ ትልሙ ባለፈበት ኹሉ ሕዋሳቱ ይሰለፋሉ። በመጀመሪያ 8ኛው ይቆማል። ቀጥለው 2ኛና 5ኛው፥ 3ኛና 4ኛው፥ 1ኛና 6ኛው ጥንድ ጥንድ ኾነው ይመጣሉ፤ 7ኛው የኹሉ መጨረሻ ነው። ቁጥሩ የቦታቸው እንጂ የተራቸው አይደለም።

በ1976 በፈረንጅ አቆጣጠር ሬዲ፥ ሃንሰንና ቤንዘር የተባሉ ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ የሕዋሱን ዕጣ የሚወስነው የትውልድ ሐረጉ አይደለም። ማን እንደ ወለደው ሳይኾን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ ይጠየቃል።

አንዳንድ ዝንብ ግን 7ኛው ሕዋስ የለውም። ጤነኛው ዝንብ አልትራቫዮሌትና አረንጓዴ ብርሃን ቢቀርቡለት ወደ አልትራቫዮሌቱ ይሄዳል፤ ይህኛው ወደ አረንጓዴው ይሄዳል። ሕዋሱ አልሞተም፤ ሌንስ ከሚሠሩት ጋራ ተደባልቆ ቀርቷል።

ምክንያቱ ግን ኹለት ዐይነት ነው። ሴቨንለስ፥ ማለት «ሰባት አልባ»፥ የተባለው ጂን ሲበላሽ ሕዋሱ የሚሰማበት ጆሮ ያጣል። ቦስ የተባለው ጂን ሲበላሽ ደግሞ ጆሮው ደኅና ነው፤ መናገር የነበረበት 8ኛው ዝም ብሏል። ይህም የታወቀው ጤነኛና ብልሹ ሕዋሳት በአንድ ዐይን ውስጥ ተደባልቀው ሲታዩ ነው። ጆሮ ለሌለው ጤነኛ ጎረቤት አልረዳውም፤ የኹለተኛው ዐይነት ግን ጤነኛ 8ኛ ባገኘ ጊዜ 7ኛ ኾኖ ቆመ።

ወንድሞችና እኅቶች! የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ስሙ ከሰሌዳው የጠፋውን ጓደኛችንን «ድሮስ ከየት መጣና!» ብለን እናልፈዋለን። መስማት አቅቶት ነው ወይስ የሚነግረው አጥቶ? ብለን አንጠይቅም። ከውጭ ሲታይ ኹለቱም አንድ ውድቀት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም። ሰውም ሕዋስ አይደለምና ጊዜው አንዴ አልፎ አይቀርበትም።

ስለዚህ ቀድመን የቆምነው የላይኛው ክፍል ተማሪዎች፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋራ ተቀምጠን ብናጠና መልካም ነው እንላለን።