ስሙ ማነው?

በ1998 ዓ.ም. እናቴ በኃይለኛ ትኩሳት ሆስፒታል ገባች። ወጣቱ ሐኪም ደሟን ለካልቸር ላከና በግምት መድኃኒት ጀመረላት። «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብለው፣ «መጀመሪያ ባክቴሪያው ማደግ አለበት፤ ከዚያ ማንነቱ ይጣራል» አለኝ። እናቴ ሰምታ ኖሮ፣ «ስሙን ሳታውቁት ነው እንዴ የምትወጉኝ?» አለች።

ስሙ በአራተኛው ቀን መጣ። መድኃኒቱ ለእሱ የማይሆን ነበር። ተቀየረላትና ተረፈች፤ ኩላሊቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ዛሬ ያንን ማጣራት በደቂቃዎች የሚጨርስ ማሽን አለ፤ ማልዲ ቶፍ ይሉታል። ያደገው ባክቴሪያ ብረት ላይ ተቀብቶ፣ ኬሚካል ጠብ ተደርጎበት በሌዘር ይመታል። ፕሮቲኖቹ አየር በሌለው ቱቦ ውስጥ ይበራሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ አደራረስ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ስሙን ይናገራል። ፕሮቲንን ሳይሰባብሩ በሌዘር ማስነሳት እንደሚቻል ያሳየው ጃፓናዊ ኮይቺ ታናካ በ2002 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርቷል።

እርግጥ ማሽኑም ባክቴሪያው እስኪያድግ ይጠብቃል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ አይነግርም። ቢሆንም አንድ ቀን ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። የእናቴን ኩላሊት ጠይቁ።