የሽንት ጨርቅ ሒሳብ፦ መነሻ ገንዘብ ሳይነካ ልጅ ማሳደግ

ስለ ቀረጥ፣ ስለ ሽልንግ ምንዛሪ፣ ስለ ኬላ ወረፋ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ የምናነሳው ወጪ ግን በየትኛውም የዕቃ ደረሰኝ ላይ አይወጣም። በየሳምንቱ ከሸቀጥ ገንዘባችን ላይ እየተቀነሰ፣ ወር ሲሞላ «ትርፉ የት ገባ?» የሚያሰኘን የሕፃን ዳይፐር ነው።

እኛ ሞያሌ ላይ አንድ መጋዘን በጋራ የተከራየን አራት ሴቶች ነን። ቦሎቄ ወደ ኬንያ እንልካለን፤ የፕላስቲክ ዕቃና የቤት ቁሳቁስ ወደዚህ እናመጣለን። ታናሻችን ስትወልድ ልጁ የአራታችንም ልጅ ሆነ። አራስ ቤት ሳለች የእሷን ሥራ ተካፍለን ያዝንላት። አርባ ቀኗ አልፎ ወደ ሥራ ስትመለስ ግን መዝገቡ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ። በሦስት ወር ውስጥ ለጭነት የምታዋጣው ገንዘብ ሲሶው ጎደለ። የተበላሸ ቦሎቄ የለም፤ ዱቤ ወስዶ የጠፋባት ሰው የለም። ገንዘቡ የሄደው ወደ ዳይፐር ነው። ሌላ ሦስት ወር እንዲህ ብትቀጥል ከጭነቱ ድርሻ እንደምትወጣ ሁላችንም አየነው። አንዴ ከመስመር የወጣች ሴት ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባት ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ኮሜርስ ስንማር መጀመሪያ ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ በወጪና በንብረት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ የሚያልቅ ወጪ ነው። ዛሬ ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ነው። የሚጣል ዳይፐር ወጪ ነው፤ የሽንት ጨርቅ ንብረት ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። በአማካይ በቀን 6 ብለን እንያዘው። በወር 180፣ በሁለት ዓመት 4,380 ዳይፐር ማለት ነው። ለስሌት ያህል አንዱን በ20 ብር ብናስበው በወር 3,600፣ በሁለት ዓመት 87,600 ብር ይሆናል። እናንተ ባላችሁበት ከተማ ዋጋው ከዚህ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ የሱቃችሁን ዋጋ አስገቡና አባዙት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው እንዴት እንደተንቀሳቀሰ እናንተ ነጋዴዎች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ጨርቁ ግን አንዴ ከተገዛ በኋላ የምንዛሪ ለውጥ አያገኘውም። ሁለተኛ ልጅ ሲመጣም እዚያው ሳጥን ውስጥ ይጠብቃል።

በእርግጥ ጨርቅም የራሱ ወጪ አለው። ውኃ፣ ሳሙናና ጉልበት ይፈልጋል። ይህን ሳይቆጥሩ «ጨርቅ ነፃ ነው» ማለት የጭነት ኪራይን ሳያስቡ ትርፍ እንደ መቁጠር ነው። በእኛ ቤት የአንድ ቀን የሽንት ጨርቅ ለማጠብ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውኃ ይፈጃል። ሞያሌ ላይ ውኃ እንደ ሸቀጥ ይገዛል። ስለዚህ በየቀኑ የሁለት ጀሪካን ዋጋና የሳሙናውን ጽፈን ከዳይፐሩ ዋጋ ጋር አስተያየነው። ጨርቁ ረከሰ። ልዩነቱ የሚጠበው በድርቅ ጊዜ ነው። ቦረና ውስጥ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ጀሪካን ውኃ ምን ያህል ሊወደድ እንደሚችል አይረሳም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከመጠጥ ውኃ ቀንሶ ጨርቅ ማጠብ አይገባም፤ ለዚያ ሰሞን ወደ ዳይፐሩ መመለስ ይሻላል።

በምን እንጀምር?

አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን ሳጥን ክፈቱ። ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ ያለቀ ነጠላ፣ የሳሳ ፎጣ ሁሉ ይሆናል። ብዙ የታጠበ ጥጥ ከአዲሱ ይልቅ ሽንት ይጠጣል፤ ለልጅ ቆዳም ይለሰልሳል። አዲስ አቡጀዲ ወይም ፍላኔል ከገዛችሁ ግን ሙጫው እስኪለቅ ሦስት አራት ጊዜ በሙቅ ውኃ እጠቡት፤ አለዚያ ሽንቱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በኬንያ በኩል ያላችሁ ሚቱምባ ተራ ውስጥ የጥጥ አንሶላ ማግኘት አይከብዳችሁም፤ ናይሮቢ የምትመላለሱ ደግሞ ጊኮምባን ታውቁታላችሁ። ስትገዙ በእጃችሁ ውኃ ጠብ አድርጉበት። ቶሎ ከጠጣ ጥጥ ነው፤ ውኃው ከተንከባለለ ተዉት።

ልኩ በግምት 70 ሴንቲ ሜትር በ70 ነው። 2 ሜትር ከ10 በ2 ሜትር ከ40 የሆነ አንሶላ 9 ጨርቅ ይወጣዋል። የሚተርፈው ቁራጭ ደግሞ መጥረጊያ ይሆናል። ጠርዙን ዘምዝሙት፤ አለዚያ ክሩ እየተመዘዘ በልጁ እግር ወይም ጣት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

በየሁለት ቀኑ ለማጠብ 24 ጨርቅ ያስፈልጋል። በየቀኑ ለምታጥብ 12 ይበቃታል። ገና የምትሞክር ግን በ6 ትጀምር። ከሰዓት በኋላ ቤት በምትሆንበት ጊዜ ብቻ ጨርቅ ታድርግለት፤ ሌላውን ሰዓት ዳይፐር። ታናሻችንም የጀመረችው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያዳነችው ዳይፐር የሚቀጥሉትን ጨርቆች ገዛላት። ከሸቀጥ ገንዘቧ አንድ ብር አላወጣችም።

ለመያዣ መርፌ ቁልፍ በቂ ነው። ስትወጉት የራሳችሁን ጣት በጨርቁና በልጁ ገላ መካከል አስገቡ፤ የተሳሳተ ቢሆን እናንተን ይውጋ። ከላይ የሚለበሰው ሽፋን ከሁሉም ይልቅ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ላስቲክ ፓንት ርካሽ ነው፤ ግን ሙቀት ይይዛል። እኛ ከአሮጌ ብርድ ልብስ፣ ያ ለስላሳና ጸጉራም ከሆነው ዓይነት፣ ሦስት ሽፋን ሰፋን። ርጥበቱን ቶሎ አያሳልፍም፤ አየር ግን ያስገባል። ሦስት ሽፋን ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ ምክንያቱም ሽፋኑ በየቅያሪው አይታጠብም።

አጣጠቡ

ሽንት ብቻ የነካውን በቀጥታ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ካካውን መጸዳጃ ቤት ውስጥ አራግፉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካ በውኃ በቀላሉ ይለቃል። ከስድስት ወር በኋላ ምግብ ሲጀምር ጠጠር ይላል፤ ያን ጊዜ ከጨርቁ ላይ ስስ የነጠላ ቁራጭ ደርቡበት፤ ሥራችሁ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና መዘፍዘፍ፣ ማሸት፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ። ሁለተኛው ውኃ አረፋ ካለው ሦስተኛ ያስፈልገዋል፤ ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ቆዳ ያቃጥላል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ አይደፋም፤ ለነገው መጀመሪያ ይሆናል። የልብስ ማለስለሻ አትጠቀሙ፤ ጨርቁን ውኃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። በረኪናም በየቀኑ አይሆንም፤ ጥጡን ይበላዋል። እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ለሕፃን ግን ተራ ነጭ ሳሙና ይሻላል።

ፀሐይ የሞያሌ ትልቋ ሀብት ናት። ቢጫውን ታነጣዋለች፣ ሽታውን ታጠፋዋለች፣ ገንዘብም አትጠይቅም። ገመድ ላይ አስጡት እንጂ ሣር ላይ ወይም መሬት ላይ አታንጥፉት። ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ዑጋንዳ የምትሄዱ እህቶች የማንጎ ዝንብ የምትባለዋን ታውቋታላችሁ። በርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ቆዳ ውስጥ ይገባል። በእነዚያ አካባቢዎች ጨርቁን በደንብ በጋለ ካውያ መተኮስ ግዴታ ነው።

ቆዳው ቢቀላ በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩለት፤ በውኃ ብቻ እጠቡት፤ ለጥቂት ጊዜ ራቁቱን ይሁን፤ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። ሦስት ቀን ካለፈው፣ ደማቅ ቅላት ሆኖ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፈንገስ ከሆነ ቅባቱን ያዙላችኋል፤ ጨርቆቹንም መቀቀል ያስፈልጋል።

መንገድ ላይስ?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ያነሱታል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ጉዞው አጥሯል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ድንበር ኬላም ነገሩን አቅልሎታል። ያም ሆኖ ወረፋ ወረፋ ነው፤ ልጅ ደግሞ ወረፋ አያውቅም። እኛ ለረጅም ጉዞና ለሌሊት ዳይፐር እንጠቀማለን። ለዚህ ብለን አናፍርም፤ ከ180 ወደ 40 ዝቅ ማለት ትልቅ ትርፍ ነው። ለአጭር ጉዞ ግን ጨርቅ ይዘን እንሄዳለን። ርጥቡን በፌስታል እንዳትቋጥሩት፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ከአሮጌ የዝናብ ካፖርት ማሰሪያ ያለው ከረጢት ሰፍተናል፤ እስካሁን አላስነካንም፣ አላሸተተምም።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። አያቶቻችን ልጁን በእግራቸው መካከል አቁመው «ሽሽሽ» እያሉ ያሸኑት ነበር። ይህ የድሮ ሰው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኬንያ ባሕር ዳርቻ የዲጎ እናቶች ልጃቸውን ከተወለደ ከጥቂት ሳምንታት ጀምረው እንዲህ እንደሚያለማምዱና በአምስት በስድስት ወሩ ብዙውን ጊዜ ሲሸና ምልክት እንደሚሰጥ በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። የእኛው ልጅ ጠዋት ሲነቃና ጠብቶ ሲያበቃ እንዲሁ ይደረግለታል። በቀን ሁለት ሦስት ጨርቅ ይተርፋል። ሁለት ሦስት ጨርቅ ደግሞ ግማሽ ጀሪካን ውኃ ነው።

ሰው ምን ይላል?

ታናሻችንን ከውኃውም ከጉልበቱም በላይ ያስጨነቃት ይህ ነበር። «እትዬ፣ ገመዱ ላይ ሲያዩት ከሰረች ይሉኛል» አለችን። ንግዳችን በእምነት የቆመ ነው። ከሰረች የተባለችን ሴት ዱቤ የሚሰጣት የለም። ስለዚህ ነገሩን ቀላል ነው ብለን አላለፍነውም። ጨርቁ እዚያው መጋዘኑ ግቢ፣ በአራታችን ስም ይሰጣ ተባባልን። የጠየቀ ሁሉ ከአራታችንም አንድ መልስ አገኘ፤ «ለጭነት ገንዘብ እያጠራቀምን ነው»። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦሎቄ የምታቀርብልን ሴት ዱቤዋን አልከለከለችም። ጭራሽ የልጅ ልጅ ደርሶባት ስለነበር ልኩን ጠየቀችን፤ ወረቀት ላይ ሥለን ሰጠናት።

ዛሬ ልጁ አሥራ አንድ ወሩ ነው። የእናቱ ድርሻ ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ ባለፈው ጭነት ላይ እንዲያውም ሁለት ኩንታል ጨምራለች። ጉልበት አልጠየቀንም አንልም። ማጠቡን በተራ ይዘነዋል፤ ተራው የደረሰባት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። ብቻዋን የሆነች እናት ይህን ሁሉ ትሸከም አንልም፤ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ግማሹን በጨርቅ፣ ግማሹን በዳይፐር ታድርገው። ግማሹም ቢሆን በወር 90 ዳይፐር ነው።

ለመጀመር ያሰባችሁ እህቶች ዛሬ ማታ አንድ አሮጌ አንሶላ አውጡና ቅደዱ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት የዳይፐሩን፣ የውኃውንና የሳሙናውን ወጪ ለየብቻ ጻፉ። በስምንተኛው ቀን ደምሩትና በራሳችሁ ቁጥር ወስኑ።