ቃል በቁና

በቀድሞው የሽቦ ቴሌግራም ዘመን ላኪ ቃሉን ቆጥሮ ይከፍል ነበር። እያንዳንዱ ቃል ዋጋ ስላለው ሰላምታው ያጥራል፤ ናፍቆትም በሁለት በሦስት ቃል ይታሰራል። ተቀባዩ ግን አንዳች አይከፍልም። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ይዞ፣ ባሰኘው ጊዜ ደጋግሞ ያነበዋል።

በዳታ ጥቅል ዘመን ላኪም ተቀባይም ከፋይ ነው። ተናጋሪው ለመናገር፣ አድማጩም ለመስማት ቁናውን ይዞ ይቆማል። ስለ ንግግር ነጻነት ስንሟገት ግን ዘወትር የምናስበው የተናጋሪውን አፍ ነው፤ የአድማጩን ጆሮ እንዘነጋለን።

ሩቅ አገር ያለ ወዳጄ አዲስ ግጥሙን በገዛ ድምፁ አንብቦ ሲልክልኝ፣ «ስለ ምን ጻፍክ?» ከማለቴ በፊት «ስንት ሜጋ ባይት ነው?» እላለሁ። ጥቅሌ ሊያልቅ ከተቃረበ «በጽሑፍ አድርገው» እለዋለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ 300 ፊደል ያለው ግጥም አንድ ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። የአንድ ሰዓት ተንቀሳቃሽ ምስል ግን በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ባይት ይበላል።

እኔ ማንበብ ስለምችል የሚቀርብኝ የወዳጄ ትንፋሽ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ግን ከአረብ አገር ልጇ ጋር የምትገናኘው በድምፅ ነው፤ የልቧን የምትናገረውም በድምፅ ነው። ገደቡ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በእርሷ ላይ ነው።

ዋጋ አፍ ሊያስይዝ እንደሚችል ኡጋንዳ አሳይታናለች። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ የማኅበራዊ መገናኛዎችን ሐሜት አማርረው ግብር እንዲጣል ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ዋትስአፕን፣ ፌስቡክንና ትዊተርን ለመጠቀም በቀን 200 ሽልንግ ተጣለ። አንዳንዱ በቪፒኤን ሾልኮ አለፈ፤ አንዳንዱም ከኢንተርኔቱ ራቀ። በጁላይ 2021 ያ ግብር ቀርቶ በዳታው ላይ 12 በመቶ ተተካ። ማንም «አትናገር» አልተባለም፤ «ክፈልና ተናገር» ተባለ እንጂ።

ምሰሶውም ገመዱም ወጪ እንዳለው አልክድም፤ ለተጠቀሙበት መክፈልም ነውር አይደለም። ነገር ግን ቁናው ለሁሉም በር አንድ ይሁን። ለማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ጥቅል የገዛ ሰው የዜናውን ርእስ ያያል፤ ሙሉውን ለማንበብ ግን ሌላ ዋጋ ይጠየቃል። ስለዚህ በርእሱ ይቆጣል፤ በርእሱ ይፈርዳል። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ለዳታ እንደ ይዘቱ የተለያየ ዋጋ መጠየቅን ከልክሏል። ታሪፍ የሚያወጡ ሁሉ ስለ ገቢ ሲመክሩ፣ የልጇን ድምፅ የምትጠብቀውን የዚያችን እናት ጆሮም ከሒሳቡ ቢያስገቡት ደግ ነው እላለሁ።