ተዘቅዝቃ የታየችው አክስቴ

አክስቴ ከአረብ አገር ወደ ደሴ ስትመለስ ያወራችው አንድ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ተከተላት። ሳውዲ፣ ኮበር ውስጥ ትሠራበት በነበረው የአሜሪካኖች ቤት መብራቱ ሲጠፋ ራሷን ግድግዳው ላይ አየች፤ ያውም ግዙፍ ሆና፣ እግሯ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች። የቤቱ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ። ደሴ ግን አልሳቀችም፤ ጅኒ ተጠግቷታል ተባለ፣ ሸሆች ዱዓ አደረጉላት፣ ሊያገባት የነበረውም ሰው ቀረ።

እኔ ለሥራ ኮበር አጠገብ ወዳለችው ዳማም ስመጣ ነገሩ እንደገና ቆረቆረኝ። ቤቱን እንደማላገኘው አውቄዋለሁ። ያየችው ምን እንደነበር ግን መታወቅ አለበት አልሁ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥን ጠረጠርሁ። የነዳጅ ኩባንያው አራምኮ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ከዳህራን የራሱን ጣቢያ ያስተላልፍ ነበር። ቴሌቪዥን ግን ሣጥን እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛስ በምን ዕድሏ ትታይበታለች? ሲኒማ እንዳልል፣ በሳውዲ የሕዝብ ሲኒማ ቤት የተከፈተው ከረጅም ዘመን እገዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በኩባንያው ግቢ ፊልም ይታይ ነበር፤ እዚያም ቢሆን እሷን ማን ይቀርጻታል?

ፍንጩ የተገኘው ቀጢፍ፣ ሐሙስ ገበያ ነው። ከአሮጌ ራዲዮኖች መሐል ትንንሽ የፊልም ፎቶዎችን ግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያወጣ፣ ክብ ትሪ ያለው የስላይድ ማሳያ ተቀምጧል። ሻጩ ሽማግሌ ስላይዱን ሲከት ገልብጦ ነው የሚከተው። ለምን አልሁት። «ሌንሱ ይገለብጠዋል፤ አቅንተህ ካስገባኸው ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ ይወጣል» አለኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዱዓ ለአንድ በስህተት ለገባ ስላይድ!

ሕጉ ጥንታዊ ነው። ሆላንዳዊው ክሪስቲያን ሁይኸንስ በ1659 ገደማ አስማታዊ ፋኖስ የሚባለውን መሣሪያ ሲሠራ፣ መብራት፣ ሥዕል ያለበት መስታወትና ሌንስ ነበር ያቀናጀው፤ መስታወቱም የሚገባው ተገልብጦ ነው። ለመሣሪያው ካዘጋጃቸው ሥዕሎች መሐል ራሱን ከአንገቱ የሚያነሳ አጽም ይገኝበታል፤ እንግዲህ ሰው ቢደነግጥ ምን ይፈረዳል? አዲስ አበባም የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብላዋለች፤ ደሴ ብቻዋን አትወቀስም።

የነዳጅ ኩባንያው ቤተሰቦች ሥራቸው ሲያልቅ የስላይድ ካርቶናቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ሄዱ። ስላይዱ ኮዳክሮም የተባለው የኮዳክ ፊልም ከሆነ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይይዛል፤ የሚያፈዘው ማሳያው ላይ ረጅም ብርሃን ማግኘቱ ነው። ስለዚህ አክስቴ ዛሬም ቀለሟ ሳይደበዝዝ የሆነ ጣሪያ ሥር ልትኖር ትችላለች። ኮዳክ ማሳያውን መሥራት እ.ኤ.አ. በ2004 አቁሟል፤ ብዙው ወራሽ በእጁ ያለው ሣጥን እንጂ ማሳያ አይደለም። የምፈራው ሣጥኑ የሚራገፍበትን ቀን ነው። ወራሾቹ የአያታቸውን ምስል ያስቀራሉ፤ ልጅ አቅፋ ጥግ ላይ የቆመችውን ሐበሻ ማንነቷን ስለማያውቁ ይጥሏታል። ማዳን ከተፈለገ ቦታው እዚሁ ነው፤ ዳማም እ.ኤ.አ. በ2008 የሳውዲ ፊልም ፌስቲቫልን ያየች ከተማ ናት፤ ዳህራንም ትልቁን የኢትራ የባህል ማዕከል ይዛለች። እኔ ብጠየቅ ከፊልሙ እኩል እነዚህን የሳሎን ስላይዶች አስሰበስብ ነበር፣ ሠራተኞቹን በስማቸው እየጻፍሁ።

ለእናቴ ደውዬ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ጅኒ ነው ያሉት ሁሉ ሞተው አልቀዋል እኮ ልጄ፤ አሁን ለማን ልንገር?» አለችኝ።