ወንድምን ጥሎ አለመሄድ

ከጉለሌ ወረድ ሲሉ አፍንጮ በር ላይ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይገኛል። በ1943 ዓ.ም. ፑሳን የወረደው የቃኘው ሻለቃ ጦር የኮሪያን ክረምት የመሰለ ብርድ በአገሩ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም በጦርነቱ አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም፤ ቁስለኛውንም ሟቹንም ይዞ ይመለስ ነበርና። በ1908 ዓ.ም. መርከባቸው በአንታርክቲካ በረዶ ተሰባብራ የሰጠመችባቸው የዋልታ አሳሹ ሻክልተንና 27 ባልደረቦቹም ሁሉም ተርፈዋል፤ በኤሌፋንት ደሴት የቀሩትን 22 ሰዎች ለማውጣት መሪያቸው 3 ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት በ4ኛው ደርሶላቸዋል።

«ዕድል ነው» የሚል ይኖራል። ዕድል ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ የዚያው የሻክልተን ጉዞ ሌላኛው ቡድን 3 ሰዎች አጥቷል፣ ከቃኘውም ከ120 በላይ ጀግኖች ወድቀዋል። መተሳሰብ ሞትን አያስቀርም። ነገር ግን ዕድል እስኪመጣ ሰውን አቆይቶ የሚያደርሰው መተሳሰብ ነው። ስለዚህ ወንድማቸውን ጥለው ያልሄዱትን፣ ዛሬ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ዘማቾች መጠየቅና መጦር ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳችን ነው።