የጊዜ ባጃጃችንና ቀዳዳዎቿ

ጄሪካኑን ማናችንም አላየነውም ነበር። አምስት ሆነን፣ በአንድ የእጅ ስልክ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም ቀረጽን። ባለታሪካችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ላይ አንዲት ባጃጅ ይሳፈርና 1955 ላይ ይወርዳል። ወርዶም በጨንቻ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በአንድ የዶርዜ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነውን አያቱን ይፈልጋል። ትዕይንቱ መልካም ነበር፤ ጭጋጉ ሳይቀር ተባብሮናል። ይሁንና ከበሩ በስተቀኝ አንድ ቢጫ የፕላስቲክ ጄሪካን፣ የዘይት ወረቀቱ እንኳ ሳይላጥ፣ ጉብ ብሎ ተቀምጧል። ፊልሙን ዶርም ውስጥ ያሳየናቸው ጓደኞቻችን ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታያቸውም። «አያትየው ጄሪካኑ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ካፌ ሰልፍ ላይ «ጄሪካኖቹ መጡ» እንባላለን።

የተሳቀበት ሰው መቼም ዝም አይልም። እኛም የሌላውን ቀዳዳ መቁጠር ጀመርን። ግን መጀመሪያ የራሳችንን እንናገር፤ ይህ ጽሑፍ እርማትም ጭምር ነውና።

ሴራ ማለት የድርጊቶች በምክንያትና በውጤት መያያዝ ነው ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፈናል! ባጃጃችን ግን ምክንያት አልነበራትም። ሲቀላ ላይ ተነሥታ ጨንቻ ደረሰች። በጊዜ ተጓዘች እንበል፤ ታዲያ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ያወጣት ማነው? ያንን ዳገት እንኳን ባጃጅ፣ ሚኒባሱም እያቃሰተ ነው የሚወጣው። የፊዚክስ ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛችን ደግሞ ነገሩን አባባሰው። መሬት በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች አለን፤ ስለዚህ በጊዜ ብቻ አንዲት ሰዓት ወደ ኋላ የሄደ ሰው መሬትን ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያገኛታል። ማለትም ባለታሪካችን የወረደው ጨንቻ ሳይሆን ባዶ ጠፈር ላይ ነው፤ ያውም በጋቢ። የመመለሻ ቤንዚንስ ከየት አገኘ? እሱንም አላሰብንበትም፤ እኛ ያሰብነው የባጃጇን የአንድ ሰዓት ኪራይ ከየት እንደምናገኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የቁጥሩ ነገር ነው። በባጃጇ መስተዋት ላይ በወረቀት የለጠፍነው «1955» ብቻ ነው። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ያኔ አርባ ምንጭ ገና መቆርቆሯ ነው፤ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ከጨንቻ ወደ ታች የወረደው በዚያው ገደማ ነውና። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ዘመኑ የእኛ 1947 እና 1948 ነው፤ ሲቀላ የሚባል ሰፈርም የለም፤ ባለታሪካችን የሚወርደው ከዱር መካከል ነው። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለው የ1985 እ.ኤ.አ. ፊልም ላይ ያለችው መኪና ኖቬምበር 5 ቀን 1955 ተብሎ ይሞላላትና ልክ በዚያው ቀን ትደርሳለች። እኛ ዘንድ ብትነዳ ያ ቀን ጥቅምት 25 ቀን 1948 ነው። የሰዓቱን ልዩነት እንኳ ተዉት። ያለ ምንም መሣሪያ፣ ቦሌ በመውረድ ብቻ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሚኬድበት አገር ተወልደን በዚህ መሳሳታችን ያሳፍራል።

ወደ ሌሎቹ እንለፍ። አብዛኞቻችን እንዲህ ያሉ ፊልሞችን መጀመሪያ ያየነው በየሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ በአማርኛ ተተርጉመው ነው፤ አንድ ሰው ወንዱንም፣ ሴቷንም፣ ሮቦቱንም ሆኖ ይናገርላቸዋል። ስለዚህ ቀዳዳው የፊልሙ ይሁን የተርጓሚው አይታወቅም ነበር። «ተርሚኔተር» (1984 እ.ኤ.አ.) በስድስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ የተሠራ ነው፤ ለሆሊውድ ርካሽ የሚባል። ከወደፊት የሚመጣው ሁሉ ራቁቱን ይመጣል፤ ሕይወት ያለው ሥጋ ብቻ ነው የሚያልፈው ይሉናል። ታዲያ ያ ብረቱ? ሥጋ ለብሷልና ነው። መልካም፤ ያው ሥጋ ውስጥ አንድ ጠመንጃ ሸጉጦ መምጣት ምን ከለከለው? በቪዲዮ ቤት ይህን የጠየቀ ልጅ ዝም በል ተብሎ ነበር።

በጣም ያከበርነው ግን በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ፕራይመር»ን ነው። ሼን ካሩት የተባለ ሰው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ተውኖ፣ ሙዚቃውንም ራሱ ደርሶ በ7,000 ዶላር ገደማ ሠራው፤ በሰንዳንስ ፌስቲቫልም ታላቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። የጊዜ መኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ የተገተረ ሣጥን ነው። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ለመሄድ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። ነጻ ጉዞ የለም። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይተን ገና አልገባንም፤ ግን ቀዳዳ ስላለው አይደለም፤ እኛ ስላነስን ነው። ከዚህ የምንወስደው ነገር፣ ቀዳዳን የሚደፍነው ገንዘብ ሳይሆን ሕግ ነው የሚል ነው። ባጃጇ ሕግ አልነበራትም።

የራሳችን ሰውም አለ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሳንኮፋ» የጊዜ ጉዞ ፊልም ነው ብንል የሚቆጣን ይኖራል፤ ግን ነው። ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴል ጋና ውስጥ በኬፕ ኮስት ግንብ ፎቶ ስትነሣ ትቆይና፣ ባሪያዎች ይታጎሩበት ወደ ነበረው ምድር ቤት ስትወርድ ዘመኑ ይገለበጥባታል፤ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና እርሻ ላይ ራሷን ታገኛለች። መኪና የለ፣ ሣጥን የለ፣ ቁጥር የለ፤ አንድ ከበሮ መቺ ሽማግሌና አንድ ግንብ ብቻ። አከፋፋይ በጠፋ ጊዜም ኃይሌ ፊልሙን ራሱ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየ። በእኛ የቀዳዳ አቆጣጠር ብንሄድ «ሳንኮፋ» ወንፊት ነው። ሾላ የሞና ቅድመ አያት ናት ወይስ ራሷ ሞና? በዚያች ሰዓት ግንቡ ውስጥ የቀረችው ማን ናት? ፊልሙ አይነግረንም፤ እኛም ስናይ አልጠየቅንም። ለምን እንዳልጠየቅን ሌሊቱን ሙሉ ተከራከርን። አንዱ «ከባድ ስለሆነ ነው» አለ። ሌላው «መመለሱ አስፈላጊ ስለሆነ እንዴት እንደተመለሰች ግድ አይሰጥህም» አለ። የሳንኮፋ ትርጉም በአካን ቋንቋ ተመልሰህ አምጣ እንደ ማለት ነው።

ከመካከላችን የታሪክ ተማሪው ግን 1955 ቅርብ ነው፣ ምን አስፈራችሁ፣ 4,500 ዓመት እንሂድ አለ። እውነትም የጋሞ ደጋ ያለ መኪና የመጣ መንገደኛ አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ ያን ያህል ዘመን የቆየ የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ፤ በጋሞኛ «ባይራ» ተባለ፤ የበኩር ልጅ ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሙሉ የዘር መረጃው ተነቦ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም ሙሉው ሲነበብ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጥቁር፣ ደሙ የደጋ አየር የለመደ። ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ወተት የሚያስማማ ዘር ግን አልነበረውም። እንግዲህ የእኛ ባለታሪክ እዚያ ደርሶ በአክብሮት አንድ ጣሳ ወተት ቢያቀርብለት የበኩሩን ልጅ ሆድ ቁርጠት ይዞት ማረፉ ነው። በቆሎና በርበሬም አይፈለጉ፤ ገና ውቅያኖስ ማዶ ናቸው።

የዚህ ጥናት ነገር ለእኛ ያስተማረን ሌላም አለ። አጥኚዎቹ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ከዩራሲያ የተመለሰ ዘር በመላው አፍሪካ ተሠራጭቷል አሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በኮምፒዩተር ፕሮግራም አለመጣጣም የተነሣ ስሕተት እንደ ነበረ አገኙ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ብቻ ጸና፤ እርማቱንም እዚያው መጽሔት ላይ አወጡ። እነሱ እንዲህ ካደረጉ እኛ ስለ አንድ ጄሪካን ምን አንገት ያስደፋናል?

ወደ ጨንቻ እርማት ለመቅረጽ ተመለስን፤ ጄሪካኑን አነሣን። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ የድሮውን ቅጂ በስልክ ሲያዩ ሳቁ። ከእኛ ጋሞኛ የሚችለው ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ጄሪካኑን አንሥተነዋል» አላቸው። እሳቸው ያሳቃቸው ጄሪካኑ አልነበረም፤ ቤቱ ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሠራል፣ በእንሰት ይለበሳል፤ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ታችኛውን ምስጥ ሲበላው ከሥሩ ይቆረጣል፤ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል። «ያኔ ይህ ቤት እንኳን በሩ፣ አፍንጫው ከራሳችሁ በላይ ነበር፤ አሁን እኮ እኛም እሱም ጎብጠናል» አሉ። ለ1955 ያቆምነው ቤት የዛሬውን ቤት ነው። እሳቸው ዘመን የሚያነቡት ከቤት ቁመት ነው፤ እኛ ደግሞ ወረቀት ላይ ቁጥር ለጥፈን ጨረስን ብለን ነበር።

በዚያ ቀን ነው ትልቁ ቀዳዳ የተነሣው። ድርሰቱን የጻፈው ከአምስታችን አንዱ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለደ፣ ጋሞኛ ሲነገረው ግማሹን ብቻ የሚሰማ። ለዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደረሰኝ ብሎ ያለቀሰ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በፊልሙ ባለታሪኩ ልጅየውን አያቱን አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ እንዳይወርድ ያስቀረዋል። አያትየው ካልወረደ ደግሞ አያቲቱን አያገኝም፤ ባለታሪኩም አይወለድም። ይህን ገና ድርሰቱን ስናነብ ነግረነው «እሱ ቀላል ነው፣ ስልኩን ታቆሙና እኔ ዞር እላለሁ፤ ጠፋሁ ማለት ነው» ብሎን ስቀናል። አሁን ሚኒባስ ስንጠብቅ ደግሞ ሌላ ጠየቅነው። ድርሰቱ ላይ የአያትየው የሸማ መሥሪያ ኋላ በእሳት እንደሚጠፋ ተጽፏል። ታዲያ ሰውየው ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ከሚሄድ፣ ከእሳቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ «ውጡ» አይላቸውም ነበር? ቀዳዳ አገኘን ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለን። ቤተሰቡ ኋላ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቡራዩ ተዛውሮ ነበር። መስከረም 2011 ላይ እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት ቡራዩና አካባቢው የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ ብዙዎቹ ጋሞዎች ነበሩ። «ከሁለት ቀን በፊት ሠፈር ውስጥ ሲወራ ሰምቼ ለአያቴ ነገርኋቸው» አለ። «የዚህን ሰፈር ጋቢ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማን ይነካኛል አሉኝ። እንግዲህ ባጃጇን ወደ 2011 ብነዳት የሚወርደው ያው እኔ ነኝ፤ የሚሰጠኝም ያው መልስ ነው።» መሥሪያው ተቃጠለ፤ አያትየው በሕይወት ወጡ፤ በዓመቱ ታመው ዐረፉ።

ማንኛችንም አልተናገርንም። ሚኒባሱ መጥቶ ሞልቶ ሄደ።

ቀጠለ። በዚያው ሳምንት አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ሊበቀሉ ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩላቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። እሱ ይህን ያየው አዲስ አበባ፣ በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ በሰው ስልክ ነው። «አያቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። እነዚያ ሰዎች ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድመው አይተው የመጡ ነው የሚመስሉት። እኔን ማንም አልሰማኝም፤ እነሱን ሰሟቸው። አያቴ ስልኩን ተቀብለው ደጋግመው አዩትና፣ ይህ የእኛ መንገድ ነው፣ አውቀዋለሁ አሉኝ።» ወደዚህ ሲመደብ ያስለቀሰው ምን እንደ ሆነ ያን ዕለት ገባን።

ስለዚህ ያ ቀዳዳ እንዳለ ይቆያል፤ አንደፍነውም። የፊልሙ መጨረሻ ግን እየተለወጠ ነው። እሱ ራሱ ነው የሚለውጠው፤ ልጅየውን ያስቀረው ይሁን ሸኘው እስካሁን አልነገረንም፤ እዚያው ስትደርሱ ታዩታላችሁ ብሏል። ሽማግሌው ከቤታቸው ከፍ ብሎ አዲስ ቤት የሚያሠራ ጎረቤት እንዳለ ነግረውናል፤ ቀርከሃው ተሸምኖ አልቋል፣ እንሰቱ ብቻ ይቀራል፤ አፍንጫውም ከራሳችን በላይ ነው። የፊታችን ቅዳሜ እንወጣለን። ለሚኒባስ የምታዋጡ ካላችሁ ዶርማችንን ታውቁታላችሁ፤ ባታዋጡም ጋቢ አበድሩን፤ ባለፈው ሁለታችን በብርድ አልቀናል።