ያልመሸበት እንግዳ

አላስካ፣ ዴድሆርስ ከገባሁ አምስተኛ ቀኔ ነው። አምስት ቀን ልበል እንጂ እስካሁን አንድ ጊዜም አልመሸም። ይህን የምጽፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በእረፍት ሰዓቴ ነው። ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ በመስኮት ገብታ የታጠቡት ድስቶች ላይ ታበራለች።

ከሲያትል የመጣሁት ለበጋው ወራት ብቻ፣ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት ልሠራ ነው። ከአንኮሬጅ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን በረርን። ከላይ ሲያዩት ውሃ ያቆረ ቡናማ ሜዳ ነው፤ አንድ ዛፍ እንኳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረው፣ 1,287 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ቫልዴዝ ወደብ የሚደርሰው የነዳጅ ቧንቧ የሚነሳው ከዚሁ አካባቢ፣ ከፕሩዶ ቤይ ነው።

ቤቶቹ በእግር የቆሙ ናቸው። ለጎርፍ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሥር ያለው አፈር ክረምት ከበጋ በረዶ ነው፤ ቤቱ መሬት ላይ ቢያርፍ ሙቀቱ በረዶውን ያቀልጠውና ይሰምጣል። ቧንቧውም ብዙ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄደው ለዚሁ ነው። እኔ ያደግሁት ምድጃው መሬት ተቆፍሮ በሚሠራበት ቤት ነው፤ እሳትና አፈር ሲጣሉ አይቼ አላውቅም።

ፈረቃዬ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አገራችን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ምንም ስለማይቀረው ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር እንጀምራለን፣ ስትገባ እንደገና እንጀምራለን። እዚህ ግን ከሁለት ወር በላይ አትጠልቅም፤ በብርዱ ጊዜ ደግሞ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አትወጣም። ከየት ብዬ ልቁጠር?

የከበደኝ ግን ሰላምታው ነው። ትናንት ለእናቴ ስደውል ደብረ ማርቆስ ረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ ቡና አቅርባለች። «እንዴት ዋልሽ ልበልሽ እንዴት አመሸሽ?» አለችኝ። «እማዬ፣ እዚህ እኮ አይመሽም» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «ታዲያ እዚያ አገር መንገደኛ ምን ብሎ ማደሪያ ይጠይቃል?» አለች።

አያቴ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ከየት መጣህ ከመባሉ በፊት እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ይነጠፍለታል። ይህን ሁሉ የሰው ደግነት ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው ጨለማውም ድርሻ ነበረው። እንግዳውንም ባለቤቱንም እኩል ያስፈራቸው ስለነበር ያቀራርባቸው ነበር።

እዚህ ሁሉም እንግዳ ነው። ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ሠርቶ ይሄዳል፤ ሌላው ይተካዋል። የመጣሁ ዕለት አብራኝ የምትኖረው ፊሊፒናዊት ከፈረቃ ደክሟት ገብታ፣ ሳትተኛ ቆየችኝ። መስኮቱን በፎይል ሸፍናዋለች። አንዱ ጥግ ተቀዶ ብርሃኑ እንደ ክር ቀጥኖ የእኔ ትራስ ላይ ያርፋል። አየችው። ምንም ሳትለኝ አልጋዬ ላይ ቆመች፤ አዲስ ፎይል ቆርጣ ለጠፈችበትና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ደጋግማ ተጫነችው። ወርዳ መብራቱን አጠፋች።

ክፍሉ መሸ።